በአሮጌ ጄት ዘመናዊውን መግጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲሲኤስ በተባለው የኮምፒውተር የአየር ውጊያ ሲሙሌተር ኤፍ-5 ወይም ሚግ-21 የተባለውን አሮጌ ተዋጊ ጄት ይዛችሁ፣ ኤፍ-16 እና ኤፍ-18 የሞሉበት ሰማይ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እውነት በኤፍ-5 ኤፍ-16ን መጣል ይቻላል?

ይቻላል። መጀመሪያ ግን በምን ዓይነት ሁኔታ እንደማይቻል እንነጋገር። ሁለታችሁም 30 ሺህ ጫማ ላይ ሆናችሁ፣ በጠራ ሰማይ፣ ፊት ለፊት ከመጣችሁ ነገሩ አልቋል። እሱ አምራም የሚባለውን በራዳር የሚመራ ሚሳይል ከ20 ማይል በላይ ርቀት ላይ ሆኖ ይለቅባችኋል። እናንተ በዚያ ርቀት በራዳር ብታገኙት እንኳ የምትተኩሱበት ነገር የላችሁም። የእናንተ ሚሳይሎች የሚሠሩት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ስትገቡ ነው።

ስለዚህ የአሮጌ ጄት አብራሪ ከሁሉ በፊት መማር ያለበት ሳይታይ መጠጋትን ነው። አንዴ ከተጠጋችሁ በ1970ዎቹ የተሠራ ሙቀት ተከታይ ሚሳይልም ኤፍ-16ን ያወርዳል። መድፉም ያወርዳል። አዲስ ገቢዎች በብዛት የሚወድቁት ገና መንገድ ላይ እያሉ ነው። ከማን ጋር እንደተዋጉ እንኳ ሳያውቁ። እዚህ ለመጠጋት ሰፊ ቦታ የሰጠሁትም ለዚህ ነው።

ኤፍ-5 ይሻለኛል ወይስ ሚግ-21?

ለጀማሪ ኤፍ-5፣ ያለ ምንም ማመንታት። ኮክፒቱ ቀላል ነው። ሲዞር አይከዳም። ከልክ በላይ ስትጎትቱት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ያስጠነቅቃችኋል። ደካማ ጎኑ ሞተሮቹ ናቸው። ሁለት ናቸው፣ ግን ትንንሽ ናቸው። አንዴ ያጠፋችሁትን ፍጥነት መልሶ ለማግኘት ጊዜ ይፈጃል፤ በውጊያ መሀል ደግሞ ያ ጊዜ የለም።

በሲሙሌተሩ ያለው የሚግ-21 ዓይነት፣ ሚግ-21ቢስ፣ ሌላ ጠባይ አለው። ሞተሩ ብርቱ ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በታች ለ3 ደቂቃ ያህል የሚሠራ የአደጋ ጊዜ አፍተርበርነርም (ተጨማሪ ነዳጅ አቃጥሎ ግፊት የሚጨምር) አለው፤ እሱን ከፍታችሁ ሽቅብ ስትወጡ ይህ የ1950ዎቹ ንድፍ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። ነገር ግን ሦስት ማዕዘኑ ክንፍ በኃይል በዞራችሁ ቁጥር ፍጥነታችሁን ይበላዋል። ከኮክፒቱ ወደ ኋላ ማየት ያስቸግራል። የጠላት ራዳር ሲነካችሁ የሚጮኸው የራዳር ማስጠንቀቂያውም ጠላት በዙሪያችሁ ካሉት አራት ሩቦች በየትኛው በኩል እንዳለ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። እኔ ከሁለቱ አብልጬ የምወደው ሚግ-21ን ነው። ለመማር ግን ኤፍ-5 ይቅደም።

ሚግ-19ም፣ ሚራዥ ኤፍ1ም፣ ፋንተምም አሉ። ፋንተም (ኤፍ-4) የረጅም ርቀት የራዳር ሚሳይል ስለሚይዝ የውጊያ ዘዴው ይለያል፤ እዚህ አልገባበትም።

ሳልታይ እንዴት ልጠጋ?

ዝቅ በሉ። ራዳር ተራራን በስቶ አያይም። ከሲሙሌተሩ ጋር በነፃ የሚመጣው የካውካሰስ ካርታ ለዚህ ዓይነት በረራ በጣም የተመቸ ነው፤ የጆርጂያ ሸለቆዎች ጥልቅና ጠመዝማዛ ናቸው። ከመነሳታችሁ በፊት ካርታውን አጥኑት። በየትኛው ሸለቆ እንደምትገቡ፣ የትኛው ሸንተረር ጀርባ እንደምትጠብቁ፣ ነገር ከተበላሸ በየት እንደምትወጡ መሬት ላይ ሳላችሁ ወስኑ። አየር ላይ ለማሰብ ፋታ አይገኝም።

ቀጥሎ ራዳራችሁን ዝም አሰኙት። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። የእናንተ ራዳር ጠላትን ከማግኘቱ በፊት የጠላት ማስጠንቀቂያ የእናንተን ራዳር ይሰማል። በየት በኩል እንዳላችሁ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ጄት እንደሆናችሁም ይነግረዋል። የእነዚህ ጄቶች ራዳር ደግሞ ወደ መሬት ሲመለከት አውሮፕላኑን ከመሬቱ ነጸብራቅ መለየት አይሆንለትም። ታዲያ ምን ያደርግላችኋል? ሙቀት ተከታይ ሚሳይል ራዳር አይፈልግም። ስትተኩሱትም በኤፍ-16 ወይም በኤፍ-18 ኮክፒት ውስጥ የሚጮህ ነገር የለም። አብራሪው ጭሱን በዓይኑ ካላየ በቀር አያውቅም። ከአሮጌ ጄት ጥቅሞች ሁሉ እኔ ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም።

ከዚያ ትዕግሥት። ዘመናዊ ጄት የያዘ ሰው ዓይኑ ስክሪኖቹ ላይ ነው። ራዳሩን ያያል፣ ከወገን መረጃ የሚያመጣለትን ዳታሊንክ ያያል፣ ቦምቡን ያነጣጥራል። እናንተ የምትፈልጉት ሌላ ሰው በማባረር የተጠመደውን፣ ነዳጅ ጨርሶ ወደ ጣቢያው የሚመለሰውን፣ መሬት ላይ ያለ ኢላማ የሚደበድበውን ነው።

እንዲህ ያለ ሁኔታ አስቡ። አንድ ኤፍ-18 ታንኮች ላይ ቦምብ ለመጣል 15 ሺህ ጫማ ላይ ይዞራል። እናንተ ከሸንተረሩ ጀርባ 300 ጫማ ላይ ናችሁ። አፍንጫውን ከእናንተ እስኪያዞር ትጠብቃላችሁ። ሲያዞር አፍተርበርነር ከፍታችሁ ከሆዱ ሥር ትወጣላችሁ። በዚያ በኩል የራሱ አካል ይጋርደዋል፤ ራዳሩም የሚያየው ወደ ፊት ብቻ ነው። ሳይድዋይንደር የተባለው የኤፍ-5 ሙቀት ተከታይ ሚሳይል ድምፅ በጆሮ ማዳመጫችሁ ውስጥ መጀመሪያ ያጉረመርማል። ከዚያ የሞተሩን ሙቀት ሲይዝ ይጠነክራል። አሁንም አትተኩሱ። አንድ ማይል ውስጥ ግቡ። ጣታችሁ እየበላችሁም ቢሆን ጠብቁ። ከዚያ አንድ ሚሳይል፣ ወዲያውም አፍንጫን ደፍቶ ወደ ሸለቆው መመለስ። የፈነዳውን ለማየት አትቆዩ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከላይ አዋክስ (ትልቅ ራዳር የተሸከመ የቅኝት አውሮፕላን) እየበረረ ከሆነ ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ መብረር አይበቃም። እሱ ከከፍታ ወደ ታች ስለሚያይ የሚጋርዳችሁ ተራራ የግድ ነው።

“ኖች” ሲባል እሰማለሁ። ምንድን ነው?

ራዳር ወደ ታች ሲመለከት ጨረሩ መሬት ነክቶም ይመለሳል። ዘመናዊ ራዳር አውሮፕላንን ከመሬት የሚለየው በፍጥነት ነው። ነገሩ ወደ እሱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚቀርብ ይለካል፤ ልክ እንደ መሬቱ የሚቀርበውን ሁሉ አጣርቶ ይጥለዋል። አሁን እናንተ ለጠላት ጎናችሁን ሰጥታችሁ በ90 ዲግሪ በረራችሁ እንበል። በራሳችሁ ፍጥነት ወደ እሱ አትቀርቡም፣ ከእሱም አትርቁም። ለራዳሩ ከመሬቱ ጋር አንድ ሆናችሁ ማለት ነው። ኖች የሚባለው ይኼ ነው።

እንዲሠራ ከጠላት በታች መሆን አለባችሁ። ከኋላችሁ ያለው ሰማይ ከሆነ የምትደባለቁበት መሬት የለም። ማዕዘኑም ትክክል መሆን አለበት። በኤፍ-5 የማስጠንቀቂያ ስክሪን ላይ የጠላትን ምልክት ልክ በቀኝ ወይም ልክ በግራ ክንፋችሁ አቅጣጫ አድርጉት፣ እዚያው አቆዩት፣ ቻፍ (ራዳርን የሚያደናግር ብጥስጣሽ) ልቀቁ፣ እየወረዳችሁ ቀጥሉ። ጠላት ሲንቀሳቀስ ማዕዘኑ ይበላሻልና ያለማቋረጥ አስተካክሉ። በሚግ-21 ይህ በጣም ይከብዳል፤ ማስጠንቀቂያው ሩቡን እንጂ ማዕዘኑን አይነግራችሁምና። አቅጣጫውን የሚነግራችሁ ጓደኛ በሬዲዮ ካለ ሁሉም ነገር ይቀልላል።

አምራም ሲጠጋ የራሱን ራዳር ያበራል። እሱም በዚሁ መንገድ ይታለላል። ግን ኖች ጊዜ መግዣ ነው። ጨረሩ ሲለቃችሁ ወዲያው ተራራ ፈልጉ።

ማስጠንቀቂያው ካልጮኸ ሚሳይል አልተተኮሰብኝም ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ኤፍ-16 እና ኤፍ-18 ሰማዩን እየቃኙ ሳለ፣ እናንተ ላይ ብቻ ሳያተኩሩ፣ አምራም መተኮስ ይችላሉ። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያችሁ ተራ ቅኝት ነው ብሎ ያስባል። የሚጮኸው ሚሳይሉ የራሱን ራዳር ሲያበራ ነው፤ የቀራችሁ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ነው።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ዘመናዊ ጄት በ20 ማይል ግድም ፊቱን ወደ እናንተ ካዞረ፣ ተኩሷል ብላችሁ ተንቀሳቀሱ። የሚሳይሉ ሞተር የሚነደው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በያዘው ፍጥነት ነው የሚንሸራተተው። ታች ያለው አየር ወፍራም ስለሆነ ቶሎ ያደክመዋል። ርቀት ካላችሁ ጀርባ ስጡትና ወደ ታች ሩጡ፤ እናንተን ሲከተል ጉልበቱን ይጨርሳል። ቀርቦ ከሆነ ግን ዞሮ ለመሮጥ ጊዜ የለም። ያን ጊዜ ኖች ነው።

ሁለት ሆነን ብንገባስ?

ከቻላችሁ ብቻችሁን አትግቡ። ሁለት ኤፍ-5 ከአንድ ኤፍ-5 በእጥፍ ሳይሆን ከዚያ በላይ ይበልጣል። አንዱ ከፍ ብሎ ራዳሩን አብርቶ ይታያል። ሌላው ራዳሩን አጥፍቶ በሸለቆ ይገባል። የሚታየው ጠላትን ያማልላል፤ ሊተኮስበት ሲል ዞሮ ይሮጣል። ጠላት ሊያባርረው ሲከተል ጎኑን ለሌላው ይሰጣል። የሚያባርር ሰው ዓይኑ ፊቱ ላይ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ጊዜውን ማስማማት ነው። የታየው ቀድሞ ከዞረ ጠላት ይተወዋል። ከዘገየ ይሞታል። በሬዲዮ አጭር አጭር ተነጋገሩ፦ ርቀት፣ አቅጣጫ፣ “ዞርኩ”፣ “አየሁት”። ረጅም ወሬ መሬት ስትወርዱ ይደርሳል።

ፊት ለፊት ተላለፍን። እሱም አይቶኛል። አሁንስ?

መልሱ በጠላት ዓይነት ይወሰናል። ኤፍ-16 በፍጥነት እየዞረ ፍጥነቱን አያጣም። ሁለታችሁም አንዱ የሌላውን ጭራ እየተከተላችሁ በሰፊ ክብ ከዞራችሁ ቀስ በቀስ ይበልጣችኋል፤ የእናንተ ትንንሽ ሞተሮች ያን አይችሉም። ስለዚህ ተቃራኒውን አስገድዱት። ሲያልፋችሁ እሱ ወደሚዞርበት ጎን አፍንጫ ለአፍንጫ ግቡ፣ ክቡን አጥብቡት፣ ፍጥነቱን እንዲጥል አድርጉት። ቀስ ባለ ፍጥነት ኤፍ-16 አፍንጫውን እንደፈለገ እንዳያነሳ ኮምፒውተሩ ይገድበዋል።

ኤፍ-18 ግን በዝቅተኛ ፍጥነት ነው የሚኖረው። እሱ ጋር ፍጥነት መጣል ራስን ማስረከብ ነው። ፈጣን ሆናችሁ ቆዩ።

ሁለቱም የራስ ቁር ማነጣጠሪያ እና አዲሱን ሳይድዋይንደር፣ ኤይም-9ኤክስን፣ ከያዙ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይጠባል። አፍንጫቸውን ማዞር አያስፈልጋቸውም፤ ማየት ይበቃቸዋል። ከመተላለፋችሁ በፊት አፍተርበርነር አጥፉ፣ ፍሌር (ሙቀት ተከታይ ሚሳይልን የሚያታልል የሚነድ ማጥመጃ) አስቀድማችሁ መልቀቅ ጀምሩ። ሚሳይሉ ከወጣ በኋላ የሚለቀቅ ፍሌር ብዙ ጊዜ የዘገየ ነው።

በሚግ-21 አንድ ዕድል ነው ያላችሁ። የመጀመሪያው መዞር ላይ ካልያዛችሁት የአደጋ ጊዜ አፍተርበርነሩን ከፍታችሁ ውጡ። ቀጥ ብላችሁ በሜዳ ላይ ግን አትሩጡ፣ አምራም ይደርስባችኋል። የምትሮጡት ወደ ሸለቆ ነው። ኤፍ-5ም ሆነ ሚግ-21 ትንሽ ጄት ስለሆነ በጥቂት ማይል ርቀት ከዓይን ይጠፋል። ያን ተጠቀሙበት።

የትኛውን ሚሳይል ልጫን?

ለኤፍ-5 ሰርቨሩ (ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር በኢንተርኔት የምትገናኙበት) ከፈቀደ ኤይም-9ፒ5 የተባለው ሳይድዋይንደር። ከፊትም ሙቀት ይይዛል። ካልፈቀደ ተራው ኤይም-9ፒ፣ ከኋላ ብቻ። ለሚግ-21 አር-60ኤም። ትንሽ ናት፣ ፈንጂዋም ጥቂት ነው፣ ግን ቅርብ ላይ ቀልጣፋ ናት። አር-3ኤስን ከጫናችሁ ደግሞ እያጠበቃችሁ በመዞር ላይ ሳላችሁ አትተኩሱት፤ ጄቱን ቀጥ አድርጉና ልቀቁት።

በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ ያውቃል?

ታይቷል፣ ታሪኩም ለእኛ የሚጠቅም ነው። በ1977 አሜሪካኖች ላስ ቬጋስ አጠገብ ባለው የኔሊስ ጣቢያ አሴቫልና ኤይምቫል የተባሉ ሰፊ ሙከራዎችን አካሄዱ። በአንድ ወገን ያኔ አዲስ የነበሩት ኤፍ-14 እና ኤፍ-15፣ በሌላው ወገን የሚግ-21ን ቦታ የተካው ኤፍ-5ኢ ነበሩ። ኤፍ-15ቶቹ ከመተኮሳቸው በፊት ጠላትን በዓይን እንዲለዩ ሕጉ ያስገድድ ነበር። ይህ ወደ ቅርብ ውጊያ አስገባቸው። ከፊትም የሚመታ ሙቀት ተከታይ ሚሳይል ሁለቱም ወገን ሲይዝ፣ ርካሹ ኤፍ-5 ከውዱ ጄት ጋር ተጠፋፋ። በሰማዩ ላይ ያሉት ጄቶች ቁጥር በጨመረ መጠን የአዲሱ ጄት ብልጫ እየጠበበ ሄደ። አንዱ ትምህርት ደግሞ ተኩሶ መዞር የሚያስችል ሚሳይል ያስፈልጋል የሚል ነበር። አምራም የተወለደው ከዚያ ፍላጎት ነው። ዛሬ ሲሙሌተር ላይ የሚያሳድዳችሁ ሚሳይል እንዲሠራ ኤፍ-5 ራሱ ድርሻ አለው።

ከ1979 እስከ 1988 ደግሞ በኔቫዳ በረሃ፣ ቶኖፓ ላይ፣ አሜሪካ በምስጢር ሚግ-17፣ ሚግ-21 እና ሚግ-23 ታበር ነበር። የራሷ አብራሪዎች በእውነተኛ ሚግ እንዲለማመዱ ነው። በ2004 በሕንድ ጓሊዮር በተደረገው ልምምድ የአሜሪካ ኤፍ-15ሲዎች ከታደሱ ሚግ-21ዎችና ከሌሎች የሕንድ ጄቶች ጋር ገጥመው ተቸግረዋል። ይህን ዜና የሚጠቅሱ ሰዎች ግን ሙሉውን አይናገሩም። ኤፍ-15ቶቹ በቁጥር ያንሱ ነበር፣ የሚሳይላቸው አጠቃቀምም በልምምዱ ደንብ የተገደበ ነበር። ሚግ-21 ያሸነፈው ርቀቱ ሲወሰድለት ነው። እኛም የምንፈልገው እሱኑ ነው።

የኛ አገር ታሪክም አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 1969 ዓ.ም. በጀመረው የኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ ኤፍ-5ኢዎች ከሶማሊያ ሚግ-21ዎች ጋር ተፋልመዋል። ይህ የአሮጌና የአዲስ ፍልሚያ አልነበረም፤ በወረቀት ላይ ግን ሚጉ ፈጣኑ ነበር። ሁለት እጥፍ የድምፅ ፍጥነት ይደርሳል፣ ኤፍ-5ኢ 1.6 አካባቢ ላይ ይቆማል። የኢትዮጵያ አብራሪዎች በደንብ የሠለጠኑ ነበሩ፣ ጄታቸውን ያውቁታል፣ ሚጎቹንም ጥለዋል። ሰማዩም የእነሱ ሆነ። ከእነዚያ አንዱ ለገሠ ተፈራ ነው። ጄቱ ተመትቶ ተማርኮ 11 ዓመት ሶማሊያ ታስሯል። ኤፍ-5 ላይ የምትቀመጡ የአገሬ ልጆች ይህን ሰው እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ምን ዕቃ ያስፈልገኛል? ውድ ነው?

ዲሲኤስ ራሱ በነፃ ነው፤ ሱ-25ቲ የተባለውን ጄት ጨምሮ ይወርዳል። ኤፍ-5ም ሚግ-21ም ይገዛሉ፣ ግን ከድርጅቱ በቀጥታ በሚወርደው ሥሪት ላይ ለ14 ቀን መሞከር ይቻላል። ኮምፒውተሩ ደህና ግራፊክስ ካርድና በርከት ያለ ሜሞሪ ይፈልጋል።

ውድ ጆይስቲክ ከመግዛታችሁ በፊት ጭንቅላታችሁን ስታዞሩ በሲሙሌተሩ ውስጥ ዞሮ የሚያሳያችሁን ነገር አስቡ። ኦፕንትራክ የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ በተራ ዌብካም ይሠራል። ራዳሩን ላጠፋ ሰው ዓይኑ ራዳሩ ነውና ከሁሉ የሚቀድመው ይኼ ነው። ኢንተርኔታችሁ የሚቆራረጥ ከሆነም አትጨነቁ፤ ብቻችሁን ከኮምፒውተሩ ጋር በመዋጋት ብዙ መማር ይቻላል።

እንዴት ልለማመድ?

ከሰርቨር አትጀምሩ። የራሳችሁን ውጊያ የምታዘጋጁበትን ሚሽን ኤዲተር ክፈቱና አንድ ኤፍ-16 አስቀምጡ። መጀመሪያ መድፍ ብቻ ስጡት፤ መዞርን ተማሩ። ቀጥሎ አንድ አምራም ብቻ ስጡትና ከ30 ማይል ፊት ለፊት ላኩት። የእናንተ ሥራ ማሸነፍ አይደለም፤ ያንን አንድ ሚሳይል አምልጦ ሸለቆ ውስጥ መግባት ነው። ይህ በተደጋጋሚ ሲሳካላችሁ ሁለት አምራም ስጡት። ከዚያ በኋላ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ጄቶች ብቻ የሚፈቀዱበት ሰርቨር ላይ ቆዩ፣ ቀጥሎ የተደባለቀው ላይ ግቡ።

ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ቀረጻውን ታክቪው በተባለው የበረራ ማሳያ ፕሮግራም ክፈቱት። ከላይ ሆናችሁ ሁሉንም ታያላችሁ። ጠላት መቼ እንዳያችሁ፣ ሚሳይሉ መቼ እንደወጣ፣ እናንተ ያኔ የት እንደነበራችሁ። ከሸለቆው የወጣችሁበትን ሰከንድ ፈልጉና እዚያ ላይ አቁሙት። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ያኔ አፍንጫው ወዴት ነበር?